ራንጌል የቆፈረው በረዶ

ራንጌል በፒሪን ተራራ ግርጌ፣ ከበረዶ ናዳ ሥር ሰው እያወጣ ያረጀ ሰው ነው። በሕይወት ያወጣቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ስለ ቀሩት አያወራም።

በየዓመቱ በቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት የመንደሩ ወጣቶች የበረዶ መንሸራተቻቸውን ተሸክመው ተራራውን ይወጡና ፀሐይ በማያየው በሰሜኑ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳሉ። ቀድሞ የደረሰ የበዓሉን ዓሣ ራስ ይበላል። ለአንድ የዓሣ ራስ! ዘንድሮ ከወራጆቹ መሃል የራንጌል አንድያ ልጅ ዝላትካ አለች።

አብሯቸው ወጣ። ሸለቆው አፋፍ ላይ በረዶውን ሊፈትሽ ቆፈረ። ከታች በመጸው የጣለው በረዶ እንደ ስኳር ተፈርፍሯል፤ ከላይ ነፋስ ያመጣው አዲሱ ጠጥሮ ተጭኖታል። ከጉድጓዱ ግድግዳ አንድ የበረዶ ዓምድ ቆርጦ ለይቶ አካፋውን አናቱ ላይ አስቀመጠና በጣቱ መታ አደረገው። የላይኛው በረዶ ሙልጭ ብሎ ሄደ።

«አየሽ? ገና ከመንካቴ!»

«አባዬ፣ ድንጋዩ እንኳ አልተሸፈነም እኮ! ይቺ በረዶ ማንን ልትቀብር ነው?»

የአገሩ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ድንጋይ እየታየ በረዶ አይናድም ይላል።

«ድንጋዩማ ተንከባለሽ ስትመጪ የሚቀበልሽ ነው» አላት።

የዝላትካ እጮኛ ስፓስ ሳቀ። «ጋሽ ራንጌል አትውረዱ ካሉማ በረዶው አሪፍ ነው ማለት ነው!»

ሁሉም አውካኩ። ምን ያድርጉ? አምናም ካቻምናም አትውረዱ ብሏቸው ነበር፤ ወርደው ዓሣቸውን በሉ። ተራራው ራሱ ውሸታም አድርጎታል። ራንጌል የዝላትካን እጅጌ ያዘ።

«በእናትሽ፣ ዛሬን ብቻ።»

«አባዬ፣ ሰው ፊት አታሳፍረኝ» አለችና እጁን ቀስ ብላ አስለቀቀችው።

ከዚያ ወዲያ አልለመናትም። በመጡበት መንገድ ብቻውን ወርዶ፣ ከሸለቆው ግርጌ ራቅ ብሎ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ቆመ። የተቀበረ ሰው ሲፈልግ በረዶ የሚወጋበትን ረጅም ዘንግ ቀጣጠለ።

ወደ ተራራ የሚወጣ ሁሉ ደረቱ ላይ፣ ቢቀበር ያለበትን የሚናገር መሣሪያ ያስራል። ናዳ ከወረደ በኋላ የተረፈው ሰው የራሱን መሣሪያ ምልክት ከመላክ የተቀበሩትን ምልክት ወደ መፈለግ ያዞረዋል።

ከላይ የዝላትካ ቀይ ጃኬት ብቅ አለ። እጇን አውለበለበችለት። እሱ ግን ጓንቱን አወለቀና፣ ገና ማንም ሳይወርድ፣ መሣሪያውን ወደ መፈለግ አዞረው።