ዝም ያለው መንገድ

የዚያን ዕለት ጠዋት ቀራንዮ ሰፈር ዝናብ ይሁን ጉም የማይለይ ካፊያ ይወርድ ነበር። ሐምሌ ነው። ጽጌማርያምና ባሏ ይገዙ ድንጋይ የተጫነበት ባሬላ ይዘው፣ እሱ ከፊት እሷ ከኋላ፣ ለአዲስ ፎቅ መሠረት ወደተቆፈረው ጉድጓድ ቁልቁል ይወርዳሉ።

የሚወርዱበት መንገድ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር ተደፍቶ የተሠራ ነው። ጠጠሩ አዲስ ሲደፋ ከእግር በታች ቅርጭጭ ቅርጭጭ ይላል። ተረግጦ ተረግጦ ድምፁ ሲጠፋ ሠራተኞቹ «ጠገበ» ይላሉ፤ ጠንክሯል፣ ከእንግዲህ ሸክም ይችላል ማለታቸው ነው። በዚያ ጠዋት መንገዱ ጭራሽ ድምፅ አልነበረውም። ፎርማኑ ሰብስቤ አዲስ ጠጠር ይደፋበት እንደሆነ ቢጠይቅ፣ የጠገበን ማን ያጎርሳል ብለው ሳቁበት። ይገዙም አብሮ ሳቀ።

ጽጌማርያም ግን እግሯ ዱቄት ላይ ያረፈ መሰላት።

«ይገዙ፣ ዝም ማለቱ አላማረኝም» አለችው።

«አንቺ ደግሞ» አለ ሳይዞር። «ሲጮህ ጆሮዬን በላኝ ትያለሽ፣ ዝም ሲል አላማረኝም ትያለሽ። ምን ይሁንልሽ?»

ሳትመልስለት መንገዱ ከሥሩ ተንሸራተተ። የባሬላው እጀታ ከመዳፏ ተመንጭቆ ሄደ። ይገዙ ከነድንጋዩ ወረደ፤ ቀዩ ዱቄትም ያለ ድምፅ በላዩ ፈሰሰ። ሰዎቹ በአካፋም በእጃቸውም ዛቁ። እሷም ስሙን እየጠራች አብራቸው ዛቀች። ሲያወጡት አይተነፍስም ነበር።

ለቅሶው ላይ ማርቆስ የሚባል ሽማግሌ ግንበኛ አጠገቧ ተቀምጦ ነገራት። ጠጠሩ እርስ በርሱ የተያያዘው በሻካራውና በስለታሙ ጫፉ ነበር። እግርና ሸክም ሲፈጨው ጫፉ አለቀ፤ ዱቄቱን ውሃ ሲያገኘው ደግሞ የሚይዘው ነገር አጣ። ቅርጭጭታው የመሰበሩ ድምፅ ነበር፤ ዝም ያለው የሚሰበር ስላለቀ ነው።

«እኛ ጠገበ አልን፣ ልጄ» ብሎ አቀረቀረ።

ከዚያ ወዲህ ይገዙ ከፊቷ አልጠፋም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቷ ካለው ሰው በባሬላ ርዝመት ርቃ ትቆማለች። ሰዎች ተጠጊ እንጂ እያሉ ይቆጧታል። በክፍተቱ ውስጥ የእሱን ጀርባ፣ ካፊያ ያረጠበውን ሹራቡን ታያለች። አይዞርም። ሰው ዘው ብሎ ሲገባበት ትሰቀጠጣለች፤ ግን ምን ብላ ታስረዳለች።

አሁን ከይገዙ እህት ከሰብሌ ጋር ኮልፌ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወለል ትወለውላለች። ድምፅ የሌለውን ወለል ግን በእግሯ ጫፍ ሳትሞክር አትረግጠውም።