የጓሮዬ ቦረቦር

ነገሩ የሆነው አምና ክረምት ነው። ቤቴ ከጎርፍ ተርፎ ሳለ እስካሁን ለምን ሆድ እንደሚብሰኝ ሳስብ ስለምውል ነው የምጽፈው።

ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ተራራ ሥር ብቻዬን እኖራለሁ። ልጆቼ ሥራ ይዘው በየክልሉ ተበትነዋል። ከጓሮዬ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል አለ። በየክረምቱ መሬቱን እየናደ መጥቶ የማድ ቤቴ ግድግዳ አጠገብ ሲደርስ ለወረዳው አመለከትኩ።

ሰናይት የምትባል ወጣት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ተላከች። ከሠራተኞቿ ጋር ተራራው ላይ እርከን ሠራች፤ ቦረቦሩ ውስጥ ደግሞ የውሃውን ጉልበት የሚሰብር የድንጋይ ክትር ደረደረች። በጋውን ሙሉ ጓሮዬ የሰው ድምፅ ነበረበት። እኔም ቆሎ እየቆላሁ አብሬያቸው እውል ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሰናይት፣ ዝናቡ ከበረታ እንድደውልላት አደራ ብላኝ ሄደች።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ ሌላ ነበር። ቦረቦሩ ሲያጓራ ግድግዳው ሁሉ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። ደወልኩላት። ቶሎ ከቤት ወጥቼ ከፍ ካለው ከአጥሩ በር ዘንድ እንድቆም ነገረችኝና ስልኩን ዘጋች።

የምትኖረው የካ አባዶ ነው። በእረፍት ቀኗ፣ በዚያ ዝናብ ታክሲ ተሳፍራ መጣች። ስትደርስ ከልብሷ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። እጄን ይዛኝ ከሩቅ ቆመን አየን። ጎርፉ የላይኛውን ክትር ጫፍ ነቅሎ ወሰደው። እጄን ጠበቅ አደረገችው። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ውሃው ተኛና ቀስ ብሎ በላዩ ፈሰሰ።

«ያዘ፣ እማማ» አለችኝ። «አሁን ይግቡ፤ ብርድ እንዳይመታዎት።»

ጋቢዬን ለብሳ ሽሮ አብረን በላን። ስለ እናቷ አወራችኝ። ከሄደች በኋላ ሁለት ሰሐን አጠብኩ።

ከዚያ ወዲህ ክትሩ ተጠገነ፤ እሷም ወደ ሌላ ወረዳ ተመደበች። በቀደም ፀሐይ በሞቀበት ጠዋት ደወልኩላት።

«እማማ፣ ክትሩ ተናደ እንዴ?» አለችኝ ደንግጣ።

«ኧረ ደህና ነው» አልኳት። ናፍቀሽኝ ነው ማለት ከበደኝ። ሥራ ላይ ነበረችና ቶሎ ተሰነባበትን።

ቤቴን ስላተረፈችልኝ ሁልጊዜ እመርቃታለሁ። አሁን ሲዘንብ አልፈራም። የምደውልበት ምክንያት ግን አጣሁ።