የበረዶው ዋስ

አቶ ኅሩይ በር ከፋች ናቸው ቢባል የሚያውቃቸው ሁሉ ይቆጣል። ጉለሌ ላይ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ ዛሬም ዳኛ ናቸው። ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ባለው አዳራሽ፣ በረዶ ላይ ሆኪ ሲጫወቱ የተማቱ ሰዎች ሁለት ደቂቃ ተቀጥተው የሚቀመጡባት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ በእጃቸው ነው። ጥፋተኛ ሲመጣ ያስገባሉ፣ ጊዜው ሲያልቅ ይለቃሉ።

ከአገር ያስወጣቸውም ይኸው ማሰርና መልቀቅ ነው። ደርግ በገባ ሰሞን አንድ ተከሳሽ በዋስ ይለቀቅ ብለው ፈረዱ። አብዮት ጠባቂዎች ተከሳሹን መልቀቅ ቀርቶ ዋሱንም ጨምረው አሰሩት። አቶ ኅሩይ «ዋስ የሚታሰርበት አገር ዳኛ ምን ይሠራል?» አሉና ወጡ።

ዙሪክ ከገቡ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ አንድ ዓመት የአውሮፓ ብሔራዊ የሆኪ ቡድኖች ውድድር ጄኔቫ ተጀምሮ ዙሪክ እንዲያበቃ ተወሰነ፤ የቅጣት ክፍሉ በር ከፋቾችም አብረው ተጓዙ። ጄኔቫ ላይ ሩዲ የሚባል ግዙፍ የስዊስ ተከላካይ ከአንድ ኖርዌያዊ ጋር ተደባድቦ ገባ። ጊዜው ሲያልቅም «እሰብረዋለሁ!» እያለ ይፎክራል። ንዴቱ ያልበረደ ሰው እንዴት ይለቀቃል? አቶ ኅሩይ በሩን ይዘው ቆሙ። ስዊስ በሰው ጎድላ ሳለች ግብ ገባባት።

«ሄር ኅሩይ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይከፍታሉ፤ ንዴቱ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም» አለቻቸው ኃላፊያቸው። «ከደገሙ ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ነገሩ ከነከናቸው። የሰፈራቸው የሽዋመንዲንገን ሐበሻ ለፍጻሜው ትኬት የቆረጠው እሳቸውን በወንበራቸው ላይ ሊያይ ነው፤ ሆኪ ምኑም አይደል።

«አንተ፣ ዝም ብለህ ክፈት! ከፈለጉ ይፋጁ» አለቻቸው ባለቤታቸው የሻረግ።

«እከፍታለሁ። ያለ ዋስ ግን አለቅም።»

«ለፈረንጅ ደግሞ ማን ዋስ ይሆናል?»

ዙሪክ ላይ ለዋንጫው እነዚያው ሁለቱ ቡድኖች ተገናኙ። ሩዲም ከዚያው ኖርዌያዊ ጋር ተማትቶ፣ ጥርሱን እያፋጨ ገባ። አቶ ኅሩይ ኃላፊያቸው እየሰማች፣ በዚያች በሥራ ላይ በለመዷት ጀርመንኛ፣ «ስማ ሩዲ፣ በሰዓቱ እከፍትልሃለሁ። ዋስህ እኔ ነኝ። ወጥተህ ብትመታው ግን ይህን ወንበር በገዛ እጄ እለቃለሁ» አሉት።

«አንተ ምን አደረግህና?»

«ዋስ እንዲህ ነው።»

ሰዓቱ አለቀ። በሩ ወዲያው ተከፈተ። ሩዲ ገና ከመውጣቱ ኖርዌያዊው ጎኑን በክርኑ ደቃው። ሩዲ ዱላውን አነሳ። ከጎረቤት ከተማ ከዲቤንዶርፍ የመጣው ወዳጃቸው አስፋ ከላይ ከተመልካቹ መሃል ሆኖ «ወየው ጋሽ ኅሩይ!» ብሎ ዓይኑን ሸፈነ። እሳቸው ወንበሩን ሊለቁ ኮታቸውን ቆልፈው ብድግ አሉ፤ ቃል ቃል ነው።

ሩዲ ዞሮ አያቸው። ዱላውን ቀስ አድርጎ አወረደ።

ዋንጫውን ግን ኖርዌይ ወሰደች። ሩዲ ጨዋታው እንዳበቃ እየተንሸራተተ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ዋስትናህ እስከ መቼ ነው?»

«ጨዋታው አለቀ፤ ዋስትናዬም አለቀ።»

ሩዲ ኖርዌያዊው ዋንጫ ይዞ ሲጨፍር አየና ዱላውን ሰጣቸው። «እንግዲያው ሳልመታው ይህን ወደ ቤትህ ውሰድልኝ።»

አቶ ኅሩይ እንባቸው መጣ። ዋስ የሆነ ሰው ሳይታሰር ወደ ቤቱ ሲሄድ ካዩ ስንት ዘመናቸው! ዱላውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ከየሻረግ ጋር በእግራቸው ሽዋመንዲንገን ገቡ።