ልብስ ሰፊዋና የእሁዱ ጨዋታ

ባሏ በሕይወት ሳለ ልብስ ሰፊዋን የኳስ ወሬ ያንገሸግሻት ነበር። እሱ ከአናጺው ጋር ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ቡድናቸው ሲከራከር ምሳው ይቀዘቅዛል። "አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው ኳስን ነው እኔን?" ትለዋለች።

ከሞተ ዓመት አለፈው። ዛሬ አናጺውና ጎረቤቷ ጎሚስታው ከሱቋ በር ላይ ቆመው ስለ እሁዱ ጨዋታ ሲያወሩ፣ በደንብ እንዲሰማት ብላ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

"አለቀልን እኮ!" አለ አናጺው። "አጥቂያችን ጉልበቱን ታሟል። በረኛው እንደሆነ እጁ ቅቤ የተቀባ ነው የሚመስለው።"

"አራት ካላገቡብን ምን አለ በለኝ" አለ ጎሚስታው።

ባሏ ቢኖር ኖሮ ጭኑን መትቶ ብድግ የሚለው እዚህ ጋ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው መቀሷን እንደያዘች ብቅ አለች።

"ምን ታሟርታላችሁ? ዘንድሮ ድራሻቸውን ነው የምናጠፋው!"

አናጺው ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እህቴ፣ ቁርጥ እሱን እኮ ነው የመሰልሽኝ። በይ እሁድ እኛ ቤት መጥተሽ አብረን እንየው።"

ሄደች። ሕጉ ባይገባትም ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ ዳኛውንም ረገመች። ቡድናቸው ግን ሦስት ለባዶ ተሸነፈ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ እርምጃዋ ፈጠነ፤ የግቡን ብረት ገጭታ ስለተመለሰችው ኳስ ለመንገር ቸኩላለች። ገብታ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ከባሏ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ለጥቂት እኮ ነው" አለችው።