ፕሮፌሰሩ የመረጠው ዘንግ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሸጠ ሰው ዓሣ አጥምዶ አያውቅም ቢባል ማን ያምናል? የሱቁ ባልደረቦች «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ስለ ዘንግ ሲያወራ ምላሱ ቅቤ ያቀልጣል፤ የትኛው ለትንሽ፣ የትኛው ለጉልበተኛ ዓሣ እንደሚሆን ካርቶን ላይ ያነበበውን በቃሉ ይወጣዋል። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፕሮፌሰሩ ውሃ ይፈራል። ከሚስቱ ጋር በተዋወቁ ሰሞን «ዓሣ አጥማጅ ነኝ» ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋው።

አንድ ቀን ሚስቱ አባቷን ይዛ ሱቁ መጣች። አማቱ በብየዳ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያዩ ሰው ናቸው። ሐይቁ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ዓሣ ሁለት ዘንግ ሰብሮባቸዋል። ትከሻቸው እየደከመ ስለሆነ፣ ዘንድሮ ካልያዙት እርግፍ አድርገው ሊተዉት ነው።

«አንተ ምረጥለት» አለች ሚስቱ። «አባባን ‹ባሌ እያለልህ ሌላ ጋ አትሄድም› ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ፕሮፌሰሩ ደረቱን ነፋ። ከመደርደሪያው ወፍራሙን ዘንግ አወረደ፣ ክር የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ ገጠመበት፣ በሁለት እጁ ጨብጦም ጫፉን ከጣሪያው ጋር አታገለው።

«አዩት አባባ? ንቅንቅ አይልም! ለጉልበተኛ ጉልበተኛ ነው መድኃኒቱ።»

ሽማግሌው እጁን ትክ ብለው አዩት። «ትንሽ አልደረቀም?»

«ድርቀቱ እኮ ነው ጥንካሬው!»

ሚስቱ ባሏን በኩራት እያየች ፈገግ አለች። አባቷ እሷን አዩ፤ ቀጥለው ዘንጉን። «እሺ፣ ይሁን» አሉና ገዙት።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ቅዳሜ ሦስቱም ሐይቅ ወረዱ። ፕሮፌሰሩ ወገቤን አመመኝ ብሎ ከውሃው ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ ሲወረውሩ ዋሉ፤ ዘንጉ ከባድ፣ ማባበያው ቀላል፣ ከአፍንጫቸው ሥር አልርቅ አለ። እኩለ ቀን ገደማ ያ ዓሣ ራሱ መጥቶ ጎረሰላቸው። የሚታጠፍ ዘንግ ቢሆን እየተለመጠ ባደከመው ነበር። ይኼ ግን እንደ ውሃ ቱቦ ቀጥ ብሎ ቀረ። ዓሣው አንድ ጊዜ ራሱን ሲወረውር መንጠቆው አፉን ቀዶ ወጣ፤ ሽማግሌው ወደ ኋላ ወድቀው በቂጣቸው ተቀመጡ። አንድ እጃቸው ትከሻቸውን ይዟል።

ልጃቸው ሮጣ ደረሰች። «አባባ! ምን ሆነ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ቸኩዬ ሳብኩት። ዘንጉማ ወርቅ ነው!»

«እሱ የመረጠው እኮ ነው!» አለች በኩራት፣ ወደ ባሏ ዞራ።

ፕሮፌሰሩ ኩምሽሽ አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። «አይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» የምትል አጭር ነገር ጉሮሮው ላይ ደርሳ ተመለሰች። ምሳ ሲቀርብም ዓይኑን በጨው አጥቦ በላ።

ለሦስት ቀን ደንበኛ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። በአራተኛው ቀን ከሥራ ሲወጣ ብቻውን አማቱ ቤት ሄደ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ዘንግ በጨርቅ ይወለውላሉ።

«አባባ» አለ ቆሞ። «እኔ... ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። አንድም ቀን።»

«አውቃለሁ።»

«ሐይቁ ላይ ነው ያወቁት?»

«ሱቁ ውስጥ። የዚህ ዓይነቱ ማጠንጠኛ ከዘንጉ ሥር ነው የሚንጠለጠለው። አንተ ገልብጠህ ወደ ላይ ይዘኸው ነበር።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ይህን ያህል በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም፤ ሰውየው ዘንጉ እንደማይሆን እያወቁ ነው ገዝተው የመጨረሻ ዓሣቸውን ያጡት።

«ታዲያ ለምን ገዙት?»

«ሚስትህ እያየችህ ነበራ» አሉ።

ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡና ዘንጉን ዘረጉለት። ፕሮፌሰሩ አንገቱን ደፍቶ፣ ማጠንጠኛውን ወደ ታች አድርጎ ተቀበላቸው።