ሰላዩን ያለበስኩት የጋሽ ጀማል ኮት

ይህን ለእናቴም አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ ፊት ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን ዘልያት ነው የምነሳው። እናንተ አታውቁኝም፤ ከማንም በፊት ለእናንተ ለመናገር የደፈርኩት ምናልባት ለዚህ ይሆናል። አንድ ሰው በድያለሁ። ያልሠሩትን እንደሠሩ በአደባባይ ያስመሰልኩ እኔ ነኝ። እሳቸው የሚያውቁት ግማሹን ነው። የቀረውን ግማሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሥራዬ ተዋንያን ማልበስ ነው። በድራማ መጨረሻ ላይ ማንም ሳያነበው ሽቅብ በሚያልፈው ጽሑፍ ውስጥ «አልባሳት» ከሚለው ቃል ጎን የሚጻፈው ስም የእኔ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንድ ሰላይ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ላይ ሠራሁ። ሰላዩ ነጋዴ መስሎ መርካቶ ይኖራል። ከነጋዴዎቹ ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ለቅሷቸው ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ስማቸውን እየጻፈ ለአለቆቹ ያቀብላል። ዳይሬክተሩ ኤርሚያስ ለዚህ ሰው ጥቁር የቆዳ ኮት፣ ጥቁር መነጽርና የሚያብረቀርቅ ጫማ እንዳዘጋጅ ነገረኝ።

«እንደዚህ ለብሶ መርካቶ ቢገባ አምስት ደቂቃ አይቆይም» አልኩት። «ጫማውን ከየት እንደገዛው ሳይቀር ይነግሩታል።»

«ታዲያ ተመልካቹ ሰላይ መሆኑን በምን ይወቅ?»

«አይወቅ! ሰላይ ማለት ከሄደ በኋላ ‹ምን ነበር የለበሰው?› ቢባል ማንም የማይመልስለት ሰው ነው።»

ተከራከርን። በመጨረሻ «በይ እስኪ አሳዪኝ» ብሎ ሦስት ቀን ሰጠኝ። ሦስቱንም ቀን መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ዋልኩ፤ አንዱ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ተሸካሚ «ዞር በይ!» ሲለኝ ዞር እያልኩ፣ የሚወጣውን የሚወርደውን ሰው ልብስ አያለሁ። እዚያ ልብስ ማንበብ የማያውቅ የለም። አዲስ ልብስ ዓይን ይስባል፤ የተቀደደም ይስባል። እኔ የምፈልገው ዓይን የማያርፍበትን ነበር። በሦስተኛው ቀን ክር ልገዛ ጋሽ ጀማል ሱቅ ገባሁና አገኘሁት። ጋሽ ጀማል ለብሰውት ነበር።

ጋሽ ጀማል ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክርና ገበር የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሥራ ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ ደንበኛቸው ነበርኩ። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ያም ሆኖ ሦስት አራት ሰው አይጠፋበትም። የተጣሉ ነጋዴዎች እሳቸው ዘንድ ነበር የሚታረቁት። የእድራቸው ዳኛም እሳቸው ነበሩ። የአንዱን ምስጢር ለሌላው አያወሩም ተብለው ይታመናሉ። ኮታቸው አመድማ ቡኒ ነው። ፀሐይ በሚገባበት በኩል ያለው ትከሻው ነጣ ብሏል፤ የቀኝ ኪሱ ሜትር ሲከቱበት ከርሞ ዘምሟል፤ ሦስተኛው ቁልፍ ወድቆ በጥቁር ተተክቷል። ስንት ዓመት ስገባ ስወጣ አንድም ቀን አስተውዬው አላውቅም ነበር። ይሄው ነው አልኩ፤ ሰላዬ ይሄው ነው።

«ጋሽ ጀማል፣ ይሄን ኮት በአዲስ ይለውጡልኛል?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

«ለድራማ ነው።»

«ማን ነው የሚለብሰው?»

አፌ ላይ የመጣው እውነቱ ነበር። ሰላይ ነው፣ ጎረቤቶቹን የሚሸጥ ሰው ነው ብል እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ። መርካቶ ውስጥ ልብሱን ለጆሮ ጠቢ የሚሰጥ ማን አለ? «ነጋዴ ነው» አልኳቸው፤ «ደግ ነጋዴ።»

እዚያው አውልቀው ሰጡኝ። ኪሱን እንኳ ያራገፉት እኔ አስታውሻቸው ነው። በማግስቱ አዲስ ኮት ወሰድኩላቸው፤ መረቁኝ። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። ይህን ግን ተናዝዤዋለሁ፤ የምሸሸገው ይሄ አይደለም።

ድራማው መታየት ጀመረ፤ ተወደደ። ኤርሚያስም ተሸነፈ። ከመሸነፉ ብዛት አንድ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ የሰላዩን አለባበስ ያሰበው እሱ ራሱ መሆኑን ተናገረ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። እኔ ነኝ ደረጃ ላይ ቆሜ የዋልኩት፤ እኔ ነኝ የተከራከርኩት፤ እንዴት የእኔን የእሱ ያደርጋል? ያን ቀን የገባብኝ ቁጭት ነው የኋላውን ሁሉ ያመጣው ማለት ይቻላል። ግን ቁጭት ስንቱ ሰው ላይ ይገባል፤ ስንቱስ እኔ ያደረግኩትን ያደርጋል?

በዚያው ሰሞን ዱባይ ተራ ውስጥ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ጥቂት ሱቆች አሸጉ። የጠቆመ ሰው አለ ተባለ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያወቅኩት ማክሰኞ ቀን፣ ገበር ልገዛ ሄጄ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሻይ ቤት ስቀመጥ ነው። ከጎኔ ሁለት ነጋዴዎች ነበሩ።

«ኮቱን አየኸው?» አለ አንዱ። «ያች ጥቁር ቁልፍ ሳትቀር።»

«የጀማል ነው። እኔ አሥር ዓመት አጠገቡ ስሠራ አላውቀውም?»

«ታዲያ ዝም ብለው ነው የእሱን ያለበሱት? የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው እንጂ። ሁላችንም ጉዳችንን የምናወራው እሱ ጋ አይደል? ሱቁን ያሳሸገው ሌላ ማን ይሆናል?»

«ተው እንጂ… ጀማል?»

«እስኪ አንተ ንገረኝ፣ ሌላ ማን?»

ያኛው ሻዩን ማማሰል ጀመረ።

ሁለት እርምጃ ነው በመካከላችን ያለው። ተነስቼ «ኮቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ጀማል ሰላይ እንደሚለብሰው አያውቁም» ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አልተነሳሁም። ፈርቼ ነው? አይደለም፤ ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የተሰማኝ ደስታ ነው። ሥራዬ እንዲህ እውነት መስሎ መርካቶን ማነጋገሩ ደስ አለኝ። ሻዬን ጨርሼ፣ ከፍዬ ወጣሁ።

መንገዴ በሱቃቸው በኩል ነበር። ጋሽ ጀማል አዲሱን ኮት ለብሰው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እነዚያ የማይጠፉት ሦስት አራት ሰዎች አንዳቸውም የሉም። ሲያዩኝ እጃቸውን አነሱልኝ። ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ የሚደወልልኝ መስዬ አለፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ በቀጥታ ስርጭት ቀረብኩ። አቅራቢዋ ሳቅ ብላ፣ «አለባበሱን ዳይሬክተሩ እንዳሰበው ሰምተናል። አንቺ ምን ጨመርሽበት?» አለችኝ።

ምን ጨመርሽበት!

የጋሽ ጀማል ፊት ድቅን አለብኝ፤ እጃቸውን እንዳነሱ። ከዚያ ተናገርኩ። «ሰላዩ ከማንም ጭንቅላት አልወጣም። ከእውነተኛ ሰው ነው የወሰድኩት። መርካቶ ውስጥ፣ ማንም ከማይጠረጥረው ሰው። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቁት ያውቁታል።»

አቅራቢዋ ዓይኗ ፈጠጠ። እኔም ኮራሁ። ያልኩት ቃል በቃል ይህ ነው። አምልጦኝ አይደለም፤ ማን እንደሚሰማኝ፣ ስለ ማን እንደሚመስላቸው፣ ምን እንደሚያስከትል አውቄ ነው ያልኩት። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሁለት ቀን ሙሉ የማስብበት ጊዜ ነበረኝ።

ቅዳሜ ጋሽ ጀማል ደወሉ። ድምፃቸው ያው ረጋ ያለ ነው።

«ልጄ፣ ሰው ኮቴን አይቶ ሌላ ነገር ጠርጥሯል። ቴሌቪዥን ላይ ያልሽውንም ሰምተዋል። ስለ እኔ እንዳልሆነ መጥተሽ ብትነግሪያቸው ይበቃል።»

«ውይ ጋሽ ጀማል፣ እኔ እኮ እንዲህ ይሆናል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም!»

«አውቃለሁ። አንቺ በምን ታውቂያለሽ?»

«ሰኞ እመጣለሁ» አልኳቸው። ሰኞ አልሄድኩም። ብሄድ፣ በቴሌቪዥን የተናገርኩት ውሸት ነበር ማለቴ አይደል? ማክሰኞ ደወሉ፤ አላነሳሁም። ሌላ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ ስማቸው ስልኬ ላይ እየበራ ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ መደወል ተዉ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። እድሩ ተሰብስቦ ማህተሙን እንዲመልሱ ጠየቃቸው። አንድ ጎረቤታቸው ሞቶ ለቅሶ ሲደርሱ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው የተቀመጡት አንድ በአንድ ተነሱ። ባለቤታቸው እትዬ ሰዓዳ የተሸከሙትን ትሪ እንኳ የሚቀበላቸው አጥተው መለሱት። ክረምቱ ሳይገባ ሱቃቸውን ለቀው ቡታጅራ ወንድማቸው ዘንድ ገቡ።

እኔ ዱባይ ተራ የሄድኩት በሚቀጥለው ጥር ነው። ሱቃቸው ውስጥ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ከጎን ያሉት ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ነስሩ፣ ከድሮ ጀምሮ ያውቁኛል። ኮቱን እንዴት እንደወሰድኩ፣ ጋሽ ጀማል ሰላይ እንደሚለብሰው እንዳላወቁ ነገርኳቸው።

«አሁን ነው የምትነግሪን?» አሉኝ።

«አላወቅኩም ነበር ሐጂ።»

«እሺ አንቺስ አላወቅሽም። እኔ ሠላሳ ዓመት አጠገቡ የተቀመጥኩት ምን ሆኜ ነው?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኚህ ሽማግሌ የእኔን ጥፋት ሲሸከሙ አየሁ፤ አሁንም ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ቡታጅራ ወረድኩ። ጋሽ ጀማል ከስተዋል። ከደጅ ተቀብለው አስገቡኝ፤ እትዬ ሰዓዳ ምሳ ካልበላሽ አትሄጂም አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ጀማል። አላወቅኩም ነበር።»

«ሳታውቂ ያደረግሽው ነው። ሳያውቅ ላጠፋ ሰው ቂም አልይዝም። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ከልቤ ነው። ሐጂ ነስሩም ደውሎልኝ አልቅሷል። ግን አልመለስም። ዝም ያሉኝን ሰዎች ፊት በየቀኑ ማየት አልችልም።»

ከዚያ ጉርሻ አጎረሱኝ። በገዛ እጃቸው። እኔም ዋጥኩት።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መኪናው ውስጥ ቀለለኝ። እስከ ዓለም ገና ድረስ ቀለለኝ። ከዚያ ቃላቸው ተመልሶ መጣ፤ ሳታውቂ ያደረግሽው ነው። ይቅር ያሏት ሌላ ሴት ናት። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያልነበረች፣ በሱቃቸው ደጅ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ያላለፈች ሴት። እኔ ይቅርታውን ሰርቄ ነው የመጣሁት።

ወጣት ነበርኩ አልላችሁም፤ አልነበርኩም። ኤርሚያስ አናዶኝ ነው አልላችሁም፤ የኤርሚያስን ዕዳ ጋሽ ጀማል ላይ ምን አመጣው? ነጋዴዎቹ ራሳቸው ቀድመው ጠርጥረው ነበር አልላችሁም፤ አንደኛው እኮ «ተው እንጂ» ብሎ ነበር። ያን ሰው አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን ጽሑፍ ግን ነገ ጠዋት ይዤው ቡታጅራ እሄዳለሁ። ጋሽ ጀማል መነጽራቸውን አድርገው እፊቴ ያነቡታል። ይቅርታቸውን መልሰው ቢወስዱት መብታቸው ነው። ከደጅ ቢመልሱኝም መብታቸው ነው።

ጋሽ ጀማል፣ አውቅ ነበር።