ከማን የተረፈ አገዳ?

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከአያቴ ማሳ የማሽላ አገዳ አስሬ ልሸከም ስል እሳቸው ደረሱብኝ።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ለመመረቂያ ሥራዬ ወረቀት ልሠራበት ነው፣ አባባ። ተረፈ ምርት እኮ ነው።»

«ከማን የተረፈ? ላሟን ጠይቀሻታል?» ብለው ሳቁብኝ። «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ የላም ምሳ ቀምታ ልትጽፍበት ነው!»

አፈርኩ። የሸዋ ሮቢት በጋ ረጅም ነው፤ ላሟ የምትከርመው በዚያው አገዳ ነው። አያቴ አንድ ነገር ትርፍ ነው ሲባል ዝም ብለው አያልፉም ነበር። እፍኝ ገለባም ቢሆን «ከማን?» ይላሉ።

ያን ዕለት ወንዝ ዳር ወዳለው የጎረቤት ሙዝ እርሻ ወሰዱኝ። ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ የተጣለው ግንድ መንገድ ዘግቶ ይበሰብሳል። ሰው ደጅ ቆሜ መጠየቅ ስለማልደፍር ባለቤቱን ያስፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። ግንዱን ቆራርጠን በአመድ ውሃ ቀቀልነው፤ ከዚያ ወቅጠን ወንፊት ላይ አሰጣነው። የመጀመሪያው ወረቀት ሲደርቅ በጣታቸው እያሹ፣ «ሸካራ ነው፤ ግን ማንም አልተራበበትም» አሉኝ።

ሥራዬ ሳያልቅ አያቴ አረፉ። ግንዱም አለቀብኝ። ማስረከቢያዬ ቢቃረብም የሚያስፈቅድልኝ ሰው ስላልነበረ ልተወው አሰብኩ።

ሰደቃቸው በወጣ ማግስት፣ ጠዋት፣ ብቻዬን ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ቤቶች!» አልኩ።